ዲፌንስ ወይስ ማስመስከር?

ሦስተኛ ዲግሪውን የሚማር ወዳጃችሁን «የት ደረስክ?» ብትሉት፣ «ኮርስ ጨረስኩ፣ ፕሮፖዛሌ ጸደቀ፣ ዲፌንስ ብቻ ነው የቀረኝ» ይላችኋል። ዲፌንሱን ካለፈ ከስሙ ፊት «ዶክተር» ይገባል።

ዶክተር ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ነጭ ጋወን ነው። ሥሩ ግን ከሕክምና ጋር አልተያያዘም። ቃሉ የወጣው «ዶኬሬ» ከሚለው የላቲን ግስ ነው፤ ማስተማር ማለት ነው። ዶክተር እንግዲህ መምህር ነው። በመካከለኛው ዘመን ቦሎኛና ፓሪስም ማዕረጉ ለማስተማር መብቃትን የሚያረጋግጥ ነበር። አዲስ ምርምር ሠርቶ ማቅረብ ዋናው መመዘኛ የሆነው ዘግይቶ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ነው።

የእኛው ግእዝም «መሀረ» አለው፤ አስተማረ ለማለት። መምህር፣ ትምህርት፣ ተማሪ፣ ምሁር ከዚሁ ይወለዳሉ። መምህር የሚያስተምረው ነው፣ ምሁር የተማረው። ላቲኑም አስተማሪውን ዶክተር፣ የተማረውን «ዶክቱስ» ብሎ ይለያል። ስለዚህ ዶክተርን «ምሁር» ብለን የምንፈታው ተሳስተን ነው፤ ትክክለኛ አቻው መምህር ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ዲፌንስ ነው። አንዳንዱ «ጽሑፉን ተከላከለ» ብሎ ይተረጉመዋል። ተከላከለ የ«ከለከለ» ልጅ ነው፤ ጠላት ማገድን ያሳስባል እንጂ ዕውቀትን ማስመዘንን አያሳይም። ቃሉ እያለን ለምን እንቸገራለን? በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የድጓ፣ ማለትም የዜማው መጽሐፍ፣ ተማሪ ለዓመታት ዜማ ሲያጠና ኖሮ፣ ድጓውን በእጁ ጽፎ፣ ጎንደር ወዳለችው ቤተልሔም ይወርዳል። እዚያ ከምስክር መምህሩ ፊት ቀርቦ ይታረማል፣ ይፈተናል። ሲበቃ ይመሰከርለታል፤ ከዚያ በኋላ ወንበር ዘርግቶ ሊያስተምር ይችላል። ይህን ሰው «ድጓ አስመስክሯል» እንለዋለን። ቅዳሴውም ዝማሬ መዋሥዕቱም የየራሳቸው ማስመስከሪያ ቦታ አላቸው።

በሚያውቁ ሰዎች ፊት መቅረብ፣ መጠየቅ፣ ብቁ ሆኖ ለማስተማር መፈቀድ፤ የቀድሞው ዶክተርነት ይኸው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ማስመስከር ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ በጉባኤ ቤቶቻችን ይሠራበት ነበር። እናንተ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ በሚቀጥለው ጥሪ ወረቀት ላይ «የዲፌንስ ቀን» የሚለውን ሰርዛችሁ «የማስመስከሪያ ቀን» ብላችሁ ጻፉልን።