አምስተኛው አውታር

ክራር አምስት ወይም ስድስት፣ በገና አሥር አውታር አላቸው። ቤዝ ጊታር ግን ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ባለ አራት ሆኖ ቆየ። በ1965 ኩባንያው የጨመረው አምስተኛ አውታር ቀጭን ነበር፤ ወፍራሙ፣ በሰከንድ 31 ጊዜ ያህል የሚርገበገበው፣ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ዋልያስ ባንድ «ቼ በለው»ን ያወጣው ከዚያ አስቀድሞ በ1977 ነው፤ የመላኬ ገብሬ ቤዝ ግን ዛሬም ዜማውን ተሸክሞ ይሰማል።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጥቂት ብር ቆጥቦ ባለ አምስቱን የሚሻ ወጣት ይህን ያስብ። ተጨማሪው አውታር የመሣሪያውን አንገት ያሰፋል፤ ክብደትም ይጨምራል። ከመግዛቱ በፊት አንግቶት ይቁም፤ ራሱ ወደ ምድር ካዘነበለ ግራ እጅ ተሸካሚ ይሆናል። ወፍራሙንም አውታር ይምታው፤ ድምፁ ካልጠራ ገንዘቡን ለጥሩ ባለ አራት ያውለው። ጥልቀት በአራትም ተገኝቷል።