መንታ የሚመስሉ ነባር ቲማቲሞችን እንዴት እንለያለን?

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በጓሮዬ ቲማቲም መትከል ከጀመርኩ ወዲህ ከሐበሻ ወዳጆቼ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «የሰጠሽኝ ዘር እውነት ያልሽው ነው ወይ?»። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነባር ዘር የምንለው ከፍሬው እየተለቀመ ሲተከል እናቱን መስሎ የሚበቅለውን፣ በየቤቱ ተይዞ የቆየውን ነው። ዲቃላ ዘር ግን ከፍሬው ተለቅሞ በሁለተኛው ዓመት ሲዘራ መልኩን ይበትናል። ነባሩ ዘር ስሙ አንዴ ከተሳሳተ፣ ስህተቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ እውነተኛው ዘርም ማንም ሳያውቅ ከጓሮው ይወጣል።

ብዙዎቻችን ስንለይ የምናየው የፍሬውን መጠንና ቀለም ነው። ሁለቱም አያስተማምኑም። አንዱ ተክል ራሱ 150 ግራምም ግማሽ ኪሎም የሚመዝን ፍሬ ያወጣል። ቀለሙም እንደ ሙቀቱና እንደ ለቀማው ቀን ይለዋወጣል።

እኔ መጀመሪያ የማየው ቅጠሉን ነው። አብዛኛው የቲማቲም ቅጠል ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ነው። የአንዳንዱ ግን ሰፋ ያለ፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ የድንች ቅጠል የሚመስል ነው። በሰፊው የሚታወቀው ሮዝ ብራንዲዋይን የድንች ቅጠል አለው፤ ቀይ ብራንዲዋይን የሚባለው ደግሞ ተራ ቅጠል ያለው ሌላ ዝርያ ነው። ስማቸው ቢመሳሰልም ችግኞቹ ገና ጥቂት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጡ ይለያያሉ። የድንች ቅጠል በዘር ውርስ የሚሸነፍ ባሕርይ በመሆኑ፣ ከሮዝ ብራንዲዋይን ዘር ተራ ቅጠል ያለው ችግኝ ከበቀለ ወይ ንብ ከጎረቤት ተክል የአበባ ዱቄት አምጥታበታለች፣ ወይ ሌላ ዘር ተቀላቅሎበታል። ያንን ችግኝ ለዘር አላስቀረውም። ከአንድ ችግኝ ሻጭ «ሮዝ ብራንዲዋይን» ተብሎ የተገዛ፣ ቅጠሉ ግን እንደ መጋዝ የሆነ ተክል ወዳጆቼ ቤት አይቻለሁ። ፍሬው ለመብላት መልካም ነበር፤ ስሙ ግን የእሱ አይደለም።

ሁለተኛው መለያ ልጣጩ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የበለጠው። በደንብ የበሰለውን ቲማቲም ለግማሽ ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ልጣጩን ግፈፉና በነጭ ወረቀት ላይ ዘርጉት። ወይ እንደ ስስ ላስቲክ ቀለም አልባ ይሆናል፣ ወይ የማር ዓይነት ቢጫ። ሮዝ ቲማቲም ማለት ቀይ ሥጋ ላይ ቀለም አልባ ልጣጭ ማለት ነው፤ ያው ቀይ ሥጋ በቢጫ ልጣጭ ሲሸፈን ቀይ ሆኖ ይታየናል። ለመለማመድ አገር ቤት ከምናውቀው ሮማ ጀምሩ፤ ልጣጩ ቢጫ ነው።

ይህ ፈተና ዋጋው የሚታወቀው ቼሮኪ ፐርፕልና ቼሮኪ ቸኮሌት ሲምታቱ ነው። ክሬግ ለሁሊየር የተባለው የታወቀ የቲማቲም አትክልተኛ እ.ኤ.አ. በ1990 ከቴነሲ ግዛት ስም የሌለው ዘር በፖስታ ደረሰው፤ ዘሩ ከቼሮኪ ሕዝብ የመጣ ነው የሚል ታሪክ አብሮት ስለነበር ቼሮኪ ፐርፕል አለው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በራሱ ማሳ ከዚሁ ዘር ቡናማ ፍሬ ያለው ተክል ወጣ፤ ቼሮኪ ቸኮሌት የሚባለው እሱ ነው። በሁለቱም ሥጋው ሲበስል አረንጓዴው ቀለም ሙሉ በሙሉ ስለማይጠፋ ከቀዩ ጋር ተደባልቆ ይጠቁራል። የሚለያቸው ልጣጩ ነው፤ የፐርፕሉ ቀለም አልባ፣ የቸኮሌቱ ቢጫ። ከሩቅ አይቶ የሚለይ ካለ አደንቀዋለሁ፣ እኔ ግን ቢላዬን እመርጣለሁ።

ቼሮኪ ፐርፕልን ከክራይሚያው ብላክ ክሪም መለየት ይበልጥ ያስቸግራል። ሁለቱም ተራ ቅጠል አላቸው፣ ሁለቱም ይጠቁራሉ፣ ትከሻቸውም አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ጨውነት አለው ተብሎ የሚወደሰው የብላክ ክሪም ጣዕም በእኔ ምላስ ማስረጃ አይሆንም። ያለኝ ምክር ምንጩን የምታምኑትን ዘር ከምትጠራጠሩት ጎን ለጎን ተክላችሁ አንድ ወቅት ሙሉ አወዳድሩ የሚል ነው።

ለዘር ስታስቀሩ ቅጠሉም ልጣጩም ከስሙ ጋር የተስማማውን ተክል ምረጡ። ተራ ቅጠል ያላቸው ዝርያዎች እርስ በርስ ቢዳቀሉ ችግኙ ላይ ስለማይታወቅ፣ አበባው ሳይፈካ በስስ የጨርቅ ከረጢት ሸፍኑት፤ ፍሬ ሲቋጥር ከረጢቱን አንሱና ቅርንጫፉ ላይ ክር እሰሩበት። ዘሩን ከነፈሳሹ ሁለት ሦስት ቀን አቡክታችሁ እጠቡና በጥላ አድርቁ። ፓኬቱ ላይ ስሙን፣ ዓመቱንና የልጣጩን ቀለም ጻፉ። ጓሮ ውስጥ ለሚተከለው ምልክት ግን እርሳስ ተጠቀሙ፤ የማርከር ቀለም የበጋውን ፀሐይ አይችልም።