ካሜራው የዘገየባት አስናቀች

ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሕንፃ ሲጀመር ለቴአትር አልታሰበም ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው ጀመሩት፤ ሳይጨርሱት ተባረሩ። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ ተጠናቅቆ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆነ። ፊልም ሊታይበት የታቀደው ቤት የአስናቀች ወርቁ መድረክ ሆኖ አረፈው።

አስናቀችን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በክራሯና በትዝታዋ ነው። ተዋናይት መሆኗ ይረሳል። በአገራችን ቴአትር ጅማሬ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ፤ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነዋ! ሲኒማም አዲስ አበባ ሲገባ የወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነው። እንዲህ ባለ ከተማ አዝማሪም ተዋናይትም መሆን ሁለት ስድብ ባንድ ትከሻ መሸከም ነበር። አስናቀች ሁለቱንም ተሸክማ ቀጠለች።

ትወናዋ ዘፈኗ ውስጥም አለ። ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ ጋር በግጥም ሲነቋቆሩ ያየ ይመሰክራል። እሱ ይወጋል፣ እሷ ትመልሳለች፤ ቅንድቧ፣ ፈገግታዋ፣ ክራሯን ይዛ ዘወር ማለቷ ሁሉ የመልሱ አካል ነው። ወሎዬ ይህን ጨዋታ ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም፤ ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ምድር ነው። መካነ ሰላም ላይ ሰርግ የታደመ ሰው ዘፈን በጆሮ ብቻ እንደማይሰማ ያውቃል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፊቷ የዘፈኑ ግማሽ ከሆነ፣ ሸክላና ካሴት የያዙልን ግማሹን ብቻ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» የወጣው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም በኋላ በአገር ውስጥ የሚሠራው ፊልም በጣት የሚቆጠር ነበር። እንዲህ ያለች ተዋናይት በሌላ አገር ብትወለድ ኖሮ ወጣትነቷ በፊልም ተቀርጾ ይቀር ነበር። እኛ ዘንድ የቀረው ጥቂት የቴሌቪዥን ቅጂና የተመልካች ትዝታ ነው።

ድምፅዋ ግን ባሕር ተሻገረ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው የፈረንሳዩ «ኢትዮጲክስ» 16ኛውን ቅጽ ለእሷ ብቻ ሰጠ፤ ርዕሱም «ባለ ክራሯ እመቤት» እንደ ማለት ነው። ሲኒማ ደግሞ በመጨረሻ መጣ። ራሔል ሳሙኤል ሕይወቷን «አስኒ» በሚል ዘጋቢ ፊልም ሠራችው። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ነው። አስናቀች ግን በመስከረም 2004 ዓ.ም. አርፋ ነበር።