ሦስት ስም የነበረው ዓሣ

እ.ኤ.አ. በ1895 ጉድና ቢን የተባሉ አሜሪካውያን ከጥልቅ ባሕር የወጣ፣ አፉ የሰፋ፣ ዓይኑ ኢምንት የሆነ ዓሣ መዘገቡ። በ1956 እንደ ሪባን የተንዘረፈፈ ጅራት ያላቸው ጥቃቅን ዓሦች ሌላ ቤተሰብ ተባሉ። አፍንጫቸው የገዘፈ ትንንሾችም ለብቻቸው ተመደቡ።

ነገሩ ግን ያጠራጥር ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁሉም ሴት፣ ባለጅራቶቹ ሁሉም ለአቅመ መራባት ያልደረሱ፣ ባለአፍንጫዎቹ ሁሉም ወንድ! ናሙናዎቹ በፎርማሊን ስለተዘፈዘፉ ዲኤንኤያቸው አይነበብም ነበር።

 በ2003 ግን ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በፎርማሊን ካልተዘፈዘፉ ናሙናዎች የዓሦቹን የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሙሉ በሙሉ አንብበው ባለጅራቱና አፈ ሰፊው አንድ ናቸው ለማለት እንደሚቻል አዩ። ብዙዎች ማመን ቸገራቸው።

በ2009 የስሚዝሶኒያኑ ዴቪድ ጆንሰን፣ የአውስትራሊያ ሙዚየሙ ጆን ፓክስተንና ባልደረቦቻቸው በዲኤንኤም በአካል ምርመራም ጉዳዩን ቋጩት፤ ልጅ፣ እናትና አባት ናቸው። በተለይ የአባትየው ነገር ያስደንቃል፤ ሲያድግ ጨጓራው ይጠፋል፣ ምግብ አይቀምስም፣ በልጅነቱ ጉበቱ ውስጥ ባከማቸው ስብ ብቻ ይኖራል።

ሦስቱ ቤተሰቦች ዛሬ አንድ ናቸው። የብዙዎቹ ዝርያዎች ወንድ ከየትኛዋ ሴት እንደሚጣመር ግን ገና አልተለየም።