እንስሳቱን ያናገራቸው ማን ነበር?

ልጅ ሲያየው አሳማ፣ ፈረስና ዳክዬ እንደ ሰው እየተናገሩ የሚታገሉበት የጀብዱ ፊልም ነው። የታሪክ ተማሪ ሲያየው ግን የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በድብቅ ገንዘብ ያሠራው የቀዝቃዛው ጦርነት መሣሪያ ነው። ፊልሙ «የእንስሳት እርሻ» ይባላል። በዲሴምበር 1954 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ኒውዮርክ ላይ ታየ። በብሪታንያ ተሠርተው ለሲኒማ ቤቶች ከቀረቡት ባለ ሙሉ ርዝመት የካርቱን ፊልሞችም የመጀመሪያው ነበር። ክቡራን አንባብያን፣ ይህን ፊልም ዛሬ የማነሣው ስለ ካርቱን ጥበብ ለማውራት አይደለም። የአንድ ተረት መጨረሻ ሲለወጥ ፍርዱም አብሮ እንደሚለወጥ ስለሚያስተምረን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመጽሐፉ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል ጽፎ የጨረሰው በ1944 ነበር። እንስሳቱ ሰካራሙን ባለ እርሻ አቶ ጆንስን አባርረው እኩልነትን መርሕ ያደርጋሉ። ብዙም ሳይቆይ ግን አብዮቱ ናፖሊዮን በተባለ አሳማ እጅ ይወድቃል፤ ከሁሉ በላይ የደከመው ቦክሰር የተባለው ፈረስ እንኳ ጉልበቱ ሲያልቅ ለአራጅ ይሸጣል። የእኛ ሰው «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ይህንኑ ነው።

ናፖሊዮን ስታሊን መሆኑ ለማንም አልተሰወረም። በዚያን ጊዜ ደግሞ ስታሊን የለንደን የጦር አጋር ነበር። ስለዚህ ጆናታን ኬፕ የተባለው አሳታሚ መጽሐፉን ሊያሳትም ካሰበ በኋላ፣ አንድ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ስለመከረው ተወው። ያ ባለሥልጣን ፒተር ስሞሌት እንደነበረ ይታመናል፤ ስሞሌት ደግሞ የሶቪየት ሰላይ እንደነበረ ከጊዜ በኋላ ታውቋል። ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየትም በሚሠራበት ማተሚያ ቤት በኩል አልቀበልም አለ። በመጨረሻ መጽሐፉ የታተመው ጃፓን እጇን መስጠቷን ባስታወቀችበት ሳምንት፣ ኦገስት 17 ቀን 1945 ነበር።

ኦርዌል በጃንዋሪ 1950 አረፈ። የፊልም መብቱም ከባለቤቱ ከሶንያ ኦርዌል ተገዛ። ፊት ለፊት የታየው ሉዊ ደ ሮሽሞን የተባለ አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ ሲሆን፣ ከጀርባው የቆመው ግን የፖሊሲ ማስተባበሪያ ቢሮ የተባለው የሲ.አይ.ኤ. ክንፍ ነበር። በኋላ በዋተርጌት ቅሌት የታሰረው ሃዋርድ ሀንት በ1974 ባሳተመው ትዝታው ይህንን ጠቅሶታል፤ ብሪታንያዊቷ ጸሐፊ ፍራንሲስ ስቶነር ሳንደርስ ደግሞ በ1999 አስፍታ ጻፈችው። ሥራው የተሰጠው ለንደን ውስጥ የካርቱን ስቱዲዮ ለነበራቸው ባልና ሚስት፣ ለጆን ሃላስና ለጆይ ባችለር ነው። የገንዘቡን ምንጭ አያውቁም ነበር ተብሎ ይታመናል። የእንስሳቱን ድምፅ ሁሉ ያሰማው ሞሪስ ዴንሃም የተባለ አንድ ተዋናይ ነው። በዚያ እርሻ ላይ የሚናገሩት ብዙዎች ቢመስሉም ድምፁ የአንድ ሰው ነበር።

አሁን ወደ መጨረሻው እንምጣ። በመጽሐፉ መደምደሚያ አሳማዎቹና ጎረቤት የሆኑት ሰዎች በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ፤ ወዲያውም በማጭበርበር ይካሰሳሉ። በመስኮት የሚመለከቱት እንስሳት አሳማውን ከሰው መለየት ያቅታቸዋል። ኦርዌል በ1947 ለዩክሬንኛው ትርጉም በጻፈው መቅድም እንደገለጸው፣ ይህን ሲጽፍ በአእምሮው የነበረው የቴህራኑ የ1943 ጉባኤ ነው። ጉባኤው ምዕራባውያንንና ሶቪየትን አስታርቋል ሲባል፣ እርሱ ወዳጅነቱ እንደማይዘልቅ ይገምት ነበር። እንግዲህ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የምሥራቁም የምዕራቡም ጌቶች ተቀምጠዋል፤ ክሱም በሁለቱም ላይ ነው።

በፊልሙ ግን ከጠረጴዛው ሰዎቹ ተነሥተዋል። ከናፖሊዮን ጋር የሚጋበዙት ከሌላ እርሻ የመጡ አሳማዎች ብቻ ናቸው። እንስሳቱም መስኮት ላይ ቆመው አይቀሩም፤ ተነሥተው ናፖሊዮንን ይጥሉታል። በእኛ ሰምና ወርቅ ቋንቋ ብናገረው፣ ሰሙን እንዳለ ትተው ወርቁን ለወጡት። የኦርዌል ተረት «ጌቶች ይመሳሰላሉ» ሲል፣ ፊልሙ «ክፉው ጌታ ያኛው ነው» አለ።

«የስታሊን ግፍ እውነት አልነበረምን? እውነትን ማንም ቢከፍልበት ምን ችግር አለው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግፉም እውነት ነበር። እኔ የምከራከረው ግን ስለተነገረው ሳይሆን ስለተቆረጠው ነው። ከሳሹ ራሱን ከክስ መዝገቡ ሲያወጣ፣ የቀረው እውነት ቢሆንም ፍርዱ የተዛባ ይሆናል።

ሌላም ዕዳ አለ። ሃላስ የተወለደው በቡዳፔስት ነው። ፊልሙ ከታየ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 1956፣ የዚያች ከተማ ሕዝብ በእውነተኛው ናፖሊዮን ላይ ተነሣ። ኖቬምበር 4 ቀን የሶቪየት ታንኮች ገቡ። 2,500 ያህል ሃንጋሪያውያን ሞቱ፤ 200,000 ያህሉ ተሰደዱ። ሕዝቦች ተነሥተው ጌቶቻቸውን ይጥላሉ የሚለውን ፊልም በገንዘቧ ያሠራችው ዋሽንግተን አልደረሰችላቸውም። በሸራ ላይ አመፅን መደምደሚያ ማድረግ ቀላል ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሌላ ነው።

አንድን መጽሐፍ የአንዱ ወገን ሰላይ እንዳይታተም መከረበት፤ የሌላው ወገን ሰላይ ደግሞ ለውጦ በፊልም አሠራው። ሁለቱም የፈሩት አንድ ገጽ ነበር፤ ጌቶች ሁሉ አብረው የሚታዩበት ገጽ። እኔም ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ሳስተምር ተማሪዎቼን የማሳስባቸው ይህንን ነው፦ አምባገነንን የሚያወግዝ ሥራ ሲቀርብላችሁ ውግዘቱ እውነት መሆኑን ብቻ አትጠይቁ፤ ከጠረጴዛው የተነሣው ማን እንደሆነም ጠይቁ።

ቸር ይግጠመን።