አምልኮተ ጣዖት በክርስትና ትምህርት

አምልኮተ ጣዖት ለፈጣሪ ብቻ የሚገባውን ለፍጡር መስጠት ነው። ቃሉ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚታየው ከድንጋይ የተጠረበ ወይም ከወርቅ የቀለጠ ምስል ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ደጋግሞ የሚከሰው እግዚአብሔርን ጥሎ የሄደውን ብቻ ሳይሆን እሱን ይዞ ሌላ የደረበውን ነው። አሮን የወርቁን ጥጃ ሠርቶ ያወጀው በዓል የእግዚአብሔር በዓል ነበር (ዘጸ. 32)። ኢዮርብዓም በቤቴልና በዳን ጥጆች ሲያቆም ከግብፅ ያወጡህ አማልክት እነዚህ ናቸው አለ፤ ምክንያቱ ደግሞ ሕዝቡ ለመሥዋዕት ኢየሩሳሌም ሲወጣ ልቡ ወደ ዳዊት ቤት እንዳይመለስ መፍራቱ ነው (1ኛ ነገ. 12)። ኤልያስም በቀርሜሎስ የወቀሰው ሕዝቡ በሁለት ሐሳብ ማነከሱን ነው። ከሁሉ ይልቅ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው የነሐሱ እባብ ነው። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራው፣ በእባብ የተነደፉት አይተውት የዳኑበት ነበር። በሕዝቅያስ ዘመን ግን ሰዎች ሲያጥኑለት ተገኙ፤ ንጉሡም ሰባበረው (2ኛ ነገ. 18)። ነሐሱ ያው ነሐስ ነው፤ አዲሱ ነገር ፊቱ የሚጨሰው ዕጣን ነው።

ይህ መደረብ ለኢትዮጵያ ክርስቲያንም እንግዳ አይደለም። እሑድ የሚያስቀድስ ሰው ከእናቱ የወረሰውን ጨሌ በሙዳይ አድርጎ ጓዳ ያኖራል፤ ቀኑ ሲደርስ ዶሮ ያርድለታል። ክርስቶስን ክደሃል ቢሉት ይቆጣል፣ አልካደምም። ጨሌውን ያስቀመጠው «ቢቀየመኝስ?» ብሎ ነው። ፍርሃቱን ለሁለት ከፍሏል፤ ነቢያቱ ጣዖት ያሉትም ይህንኑ ክፍፍል ነው።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ድርቡን በዐዋጅ ሊነቅሉ ተነሡ። ሕዝቡ ደስክና ዲኖ የሚባሉትን ባዕዳን አማልክት እንዲክድ፣ ክህደቱንም በክንዱ ላይ እንዲጽፍ አዘዙ፤ የገዛ ልጆቻቸው ሳይቀሩ በባዕድ አምልኮ ተወንጅለው በግርፋት እንደሞቱ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። በዚያው ዘመን የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው በማለት ለንጉሡም፣ ለማርያም ሥዕልም፣ ለመስቀልም አንሰግድም አሉ። ተሰደዱ፣ ተገደሉም። ሁለቱም ወገኖች የተነሡት አምልኮን ከባዕድ ለማጥራት ነበር። በዐዋጅ የሚጠራው ግን ክንድና ጉልበት ነው፤ እስከ ጓዳው ሙዳይ ዐዋጅ አይደርስም።

ስግደት ለሥላሴ ብቻ ከተባለ ሥዕልና ታቦትስ? ዮሐንስ ዘደማስቆ ለሥዕል የሚደረገው ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ ያልፋል ሲል መለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ787 የተሰበሰበው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤም አምልኮንና አክብሮትን ለየ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን ጉባኤ ከምትቀበላቸው ሦስቱ ጉባኤያት ጋር ባትቆጥረውም፣ የአምልኮ ስግደትና የጸጋ ስግደት ይለያያሉ ብላ ታስተምራለች። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ የሚያርፈው ግን በሰጋጁ ልብ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ አይታይም። የነሐሱ እባብ ታሪክ ሥዕልን ለሚያከብረውም ለሚፈራውም ወገን ይመሰክራል፦ ዕቃው ለዘመናት ያለ ነቀፋ ኖሯል፣ በመጨረሻም ተሰብሯል።

ጣዖት ከዕቃ ባሻገርም አለ። ጳውሎስ መጎምጀትን ጣዖት ማምለክ ማለቱ (ቆላ. 3፥5) ቃሉን ያላላዋል የሚሉ አሉ፤ ሁሉም ምኞት ጣዖት ከሆነ ምንም ጣዖት አይሆንምና። ኢየሱስ ግን ገንዘብን የገለጸው እንደ ጌታ ነው፤ ጥያቄው መውደድ ሳይሆን መገዛት ነው። ደመወዙን የሚወድ ሁሉ አይገዛለትም፤ ደመወዙ እንዳይቀርበት በሐሰት የሚመሰክር ግን ጌታው ማን እንደሆነ አሳይቷል።

ለማርያም ሥዕል አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ የማርያም ጠላቶች ተብለው ተወገዙ። በትግራይ ያለው ገዳማቸው ጉንዳ ጉንዴ ግን በኢትዮጵያ የብራና ጥበብ ከታወቁት አንዱ ነው፤ የእጅ ጽሑፎቹም በቅዱሳን ሥዕል ያጌጡ ናቸው።