ቆጥ ላይ ያደረ ገንዘብ

የታሪክ መጻሕፍታችን ለፈረስ ለጋስ ናቸው። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያልን የነገሥታቱን ፈረሶች ስም እስከ ዛሬ እንጠራለን። ዶሮን ግን ማን ያስታውሳታል? ብትነሳም በድግስ ቀን፣ ያውም ወጥ ሆና ነው።

ዶሮ የትናንት እንግዳ እንዳትመስላችሁ። በምሥራቃዊ ትግራይ፣ ጉሎ መከዳ ውስጥ፣ መዝብር በተባለ ጥንታዊ መንደር ተቆፍረው የወጡ የዶሮ አጥንቶች ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ዕድሜያቸው እስከ 8ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ይደርሳል። አክሱም መንግሥት ሳትሆን በፊት፣ ትውልዷ ከእስያ የሆነው ዶሮ እዚህ ትጭር ነበር ማለት ነው። ያውም በገበሬ ደጅ!

በገጠራችን በሬው የአባወራው፣ ዶሮዋ የእማወራዋ ናት። ጨው፣ በርበሬ፣ የኩራዝ ጋዝ ከዕንቁላል ይወጣል። የኔም የመጀመሪያ ደብተር የተገዛው በዕንቁላል ነው። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ዕንቁላሎቹን ጭድ ውስጥ ደርድራ ገበያ ትወጣለች። እኛ ቤት ዕንቁላል መብላት ደብተር እንደ መቅደድ ነበር።

ኋላ ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ በእርሻ ኮሌጆችና ጣቢያዎች በኩል ገቡ። ስሌቱ እኮ ያጓጓል፤ የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ብትጥል ነው፤ የፈረንጇ በደንብ ከተመገበች ከ200 ታልፋለች። ታዲያ ገበሬዋ ለምን እጇን ዘርግታ አልተቀበለቻትም? ሌግሆርን አትታቀፍም። የሐበሻዋ 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ጭራ ትበላለች፤ ጫጩቶቿን ከጭልፊት ትከላከላለች። ለፈረንጇ ጫጩቱም መኖውም በገንዘብ ይገዛል። እናቶቻችን ስሌቱ ጠፍቷቸው አይደለም፤ እነሱ ወጪውንም ደምረውታል።

ዛሬ በየከተማው የ45 ቀን ጫጩት ገዝቶ ማርባት የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። መልካም ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አምስት ዶሮ የእሷ ነበር፤ አምስት መቶ ሲሆን ብድሩም ደረሰኙም በማን ስም ይወጣል? ዶሮ እርባታን የምታስፋፉ ሁሉ፣ ከመኖው ዋጋ እኩል ይህንንም ጠይቁ። ያለበለዚያ «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» የተባለው ለባለቤቷም ይተርፋል።